ደረጃው ላይ የቀረው እንግዳ

አንድ ሰው ነበር፤ ሻንጣውን ይዞ የሰው ደጅ ላይ የቆመ። ውብሸት ይባላል። ለትምህርት ቼኮች አገር ሄዶ፣ የማደሪያው ማሞቂያ ቧንቧ ፈነዳና፣ በዚያ በረዶ፣ "ወይዘሮ ዝዴንካ የሚባሉ አሮጊት አሉ፤ እሳቸው ዘንድ እደር" ተባለ። ሌላ የሚያውቀው ቤት የለም። የሕንፃውን ደረጃ ወጣ።

አንኳኳ። አሮጊቷ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና "ፕሮሲም" አሉት።

ይህችን ቃል አስተማሪው አስረድተውታል። መነሻዋ ልመና ነው፤ "እለምናለሁ" ማለት ነው። "እኔ" የሚለውን እኛ በ"እ" ከቃሉ ፊት እናስቀድመዋለን፤ እነሱ በ"ም" ከጭራው ይሸጉጡታል። ሲጋብዙ እሷን፣ ዕቃ ሲያቀብሉ እሷን፣ ሲመሰገኑ እሷን፣ ስልክ ሲያነሡ እንኳ እሷን! ውብሸት ይህን ሁሉ ፈተና ላይ በትክክል መልሷል።

ደጁ ላይ ግን እናቱ እንዳሳደገችው መለሰ፦ "አይ፣ አላስቸግርዎትም።"

እናንተስ? ዘው ትሉ ነበር?

ሴትዮዋ "እንግዲህ እንደ ፈቃድህ" ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ውብሸት ፈገግ ብሎ ጠበቀ። አሁን ተመልሰው ይወጣሉ፤ ሻንጣውን ይነጥቁታል፤ "በሞቴ!" ይላሉ። በበሩ ሥር የሾርባ ሽታ ወጣ። ሴትዮዋ አልወጡም። የደረጃው መብራት በራሱ የሚጠፋ ነው፤ ጠፋ። ግድግዳውን ዳብሶ አበራው፤ ደግሞ ጠፋ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ምን አጠፋሁ? መልኬን አይተው ይሆን? ቢተኙስ? እግሩ ደነዘዘ።

ያን ጊዜ የአስተማሪው ነገር ትዝ አለው። ሴትዮዋ ለምነውኛል እኮ! አሁን ተራው የማን ነው?

አንኳኳ። "ፕሮሲም" አለ።

"ቅድም አልፈልግም አላልክም?" አሉ በሩን ከፍተው።

"እስኪያስገድዱኝ ብዬ ነበር፣ እማማ።"

"ሰው በግድ ቤት ይገባል እንዴ? ፖሊስ ልታመጣብኝ ነው?" አሉና ሻንጣውን ተቀበሉት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ቀርቦ ነበር። የእሱ ሾርባ ቀዝቅዟል።

ወገኖቼ፣ ስንቶቻችሁ ደረጃው ላይ ናችሁ? "ግቡ" ተብላችኋል። "ኧረ ይቅር፣ ለእኔ ቢጤ አይሆንም፣ የሚገባቸው ይግቡ" ብላችኋል፤ ትሕትና መስሏችሁ። ውስጥ ሳህናችሁ ቀርቦ ይጠብቃል። መብራቱ ግን አይጠብቃችሁም።

ጌታ ምን እስኪላችሁ ነው የቆማችሁት? "በሞቴ" እስኪላችሁ?

ብሏል እኮ። ያውም ሞቶ።

አንኳኩ።