ያለ መዶሻ የማይወጣው ሺታኬ

«ውጣ!»

«አልወጣም!»

«ሦስት ቀን ለመንኩህ፤ አሁንስ ውጣ!»

«ሦስት ዓመት ብትለምኚኝም አልወጣም!»

አሮጊቷ ቶሜ በጃፓን ተራሮች መሃል ከአንድ ግንድ ጋር ትጨቃጨቃለች። ከግንዱ ውስጥ የሚመልስላት ሺታኬ የሚባለው እንጉዳይ ነው። ባሏ ጌንዞ ታሞ እህል ከቀመሰ አምስት ቀኑ። «የሺታኬ ሾርባ ቢሆን ኖሮ...» አለ። እውነቱን ነው፤ ሺታኬ እኮ ባዶ ውኃን ብቻውን ወጥ ያደርጋል!

«እንደ አገሩ ደንብ ግንዱ በመዶሻ ካልተመታ አልነቃም» አለ ሺታኬ።

ቶሜ ወደ ጎረቤቷ ወደ ኪሱኬ ሮጠች። «ወንድሜ፣ መዶሻህን! ጌንዞ ያለ ሾርባ አይድንም፣ ሾርባ ያለ ሺታኬ አይሆንም፣ ሺታኬ ያለ መዶሻ አይወጣም።»

«ማይታኬ ካላመጣሽ አልሰጥም» አለ ኪሱኬ። «ያን እንደ ዶሮ ላባ የተደራረበውን እንጉዳይ! ያየው ሁሉ የሚጨፍርለትን! ሳልሞት አንዴ ልጨፍር።»

ማይታኬ የሚበቅልበትን የምታውቀው ባልቴቷ ኦታኪ ብቻ ናት። በዚያ አገር ደግሞ የእንጉዳይ ቦታ ለልጅም አይነገርም።

«እባክሽ ኦታኪ፣ ቦታውን ንገሪኝ! ጌንዞ ያለ ሾርባ አይድንም፣ ሾርባ ያለ ሺታኬ አይሆንም፣ ሺታኬ ያለ መዶሻ አይወጣም፣ መዶሻው ያለ ማይታኬ አይገኝም።»

ኦታኪ ሳቀች፤ አንድም ጥርስ የላትም። «ናሜኮ አምጪልኝ። ያን ወርቃማውን፣ ሳይታኘክ ሙልጭ ብሎ የሚወርደውን እንጉዳይ!»

የናሜኮን ቦታ የሚያውቀውስ ማን ነው? ራሱ ጌንዞ! አርባ ዓመት ሙሉ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

ቶሜ መኝታው አጠገብ ተንበረከከች። «አንተ ሰውዬ፣ ስማ! አንተ ያለ ሾርባ አትድንም፣ ሾርባ ያለ ሺታኬ አይሆንም፣ ሺታኬ ያለ መዶሻ አይወጣም፣ መዶሻው ያለ ማይታኬ አይገኝም፣ የማይታኬ ቦታ ያለ ናሜኮ አይነገርም፣ ናሜኮ ያለ አንተ አይገኝም!»

«ቦታዬን ከምናገር ልሙት» አለ ጌንዞ።

«ሙታ! ያኔ ኦታኪ አነፍንፋ ታገኘዋለች።»

ጌንዞ ዓይኑን ገለጠ። ጆሮዋን ሳብ አድርጎ ሹክ አላት።

ቶሜ ናሜኮ ለቀመች፣ ኦታኪ ናሜኮውን ዋጥ አድርጋ ቦታውን ተናገረች፣ ኪሱኬ ማይታኬውን አይቶ ጨፈረ፣ መዶሻው ግንዱን መታ፣ ሺታኬም «እሺ፣ እሺ፣ ነቃሁ!» እያለ ቡናማ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። ድስቱ ፈላ፣ ቤቱም በጠረኑ ተሞላ።

ጌንዞ አንድ ሳህን ጠጣ። ሁለተኛውንም ጠጣ። ሦስተኛውን ላሰው።

«ጣፈጠህ?» አለችው ቶሜ።

ጌንዞ ተነሣ። ጫማውን አደረገ፣ ቅርጫቱን አነገተ፣ ሚስቱ የማታውቀው አዲስ ቦታ ፍለጋ ወደ ጫካው ሄደ።