የአሰገደች ጦስኝ

በእኛ አገር እናት ልጇን ነፋስ እንዳይነካው ብላ በጋቢ ጠቅልላ ስታሳድግ ያየ ሁሉ፣ ራሱን ነቅንቆ አንድ ነገር ይላል። አባባሉ ዝም ብሎ አልመጣም፤ ጥፋቱ የአቶ ደምሰው ነው።

ደምሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ክፋቱ ማብላት መውደዱ ነው። እንግዳ «ጠገብኩ» ካለው እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። በቅሎውን እንኳ ገብስ አብዝቶላት፣ ሆዷ ተነፍቶ ሦስት ቀን ተጋድማለች።

ሚስቱ አሰገደች ከሟች እናቷ የቀራት አንድ ጦስኝ ነበር። እናቷ ከገደል አፋፍ አምጥተው በጓሮው ድንጋይ ካብ መሀል የሰኩላት ነው። መሬት ለመሬት እየተሳበ ድንጋዩን ያለብሰዋል፤ በየዓመቱም ጥቃቅን ሐምራዊ አበባ ያወጣል። አሰገደች ሲከፋት እሱን ዳብሳ እጇን ታሸታለች።

አንድ ጊዜ የወለደች እህቷን ልታርስ ለወር ያህል ሄደች። ደምሰው ጦስኙን አየና አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ምስኪን! ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲልስ!» አለና በዶማ ፈንቅሎ፣ ከበረቱ አጠገብ ፍግ ውስጥ ተከለው። ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣው። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ራበው ብሎ፣ «አፈር ስሆን፣ ይህችን ብቻ!» እያለ አንድ ቅርጫት ፍግ ጨመረለት። ሲጠቁር ደግሞ ሁለት።

አሰገደች ስትመለስ የተራቆተውን ካብ አየች።

«ጦስኜስ?»

«ቤት ቀየረ» አለ ደምሰው፣ መሬት መሬት እያየ።

ወስዶ አሳያት። ነካ ስታደርገው ከነሥሩ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ፤ በስብሷል። ሽታው እንኳ የለም። «የእናቴን እጅ የማሸተው በእሱ ነበር እኮ!» ብላ አለቀሰች። ደምሰው የሚገባበት ጠፋው።

ለቅሶውን የሰሙት ጎረቤታቸው እማማ ጥሩአየሁ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ወደ ካቡ ሄደው ጎንበስ አሉ። በሁለት ድንጋዮች መሀል፣ ዶማው ያልደረሰባት ጣት የምታህል ቅርንጫፍ ቀርታለች፤ ጫፏ ላይም አንዲት አበባ። አሰገደች እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ደምሰው ግን አጠገባቸው የለም። ዞር ሲሉ ቅርጫቱን በፍግ ሞልቶ እየሮጠ ሲመጣ አዩት። እማማ ጥሩአየሁ ምርኩዛቸውን ፊቱ ዘርግተው እንዲህ አሉት፦ «ቁም ልጄ! ድንጋይ ያሳደገውን ፍግ ገደለው።»