የማሽላው ማሳ አዛዥ

ሹመት ያሰከረው አንድ ምስለኔ ነበር አሉ፤ ሹም ያላዘዘው ሥራ ሲሠራ ካየ እንቅልፍ የማይወስደው። እሱ በሚገዛው አገር ምላሷ ምላጭ የሆነ አንዲት ባልቴት ነበረች። ማሽላዋ ሲደርስ፣ ወፍ ሳይጨርሰው ለማጨድ፣ እንደ አባቶቿ ወግ ጎረቤቶቿን ደቦ ጠራች።

ምስለኔው ይህን ሲሰማ በቅሎውን ጭኖ ከተፍ አለ። "ያለ አዛዥ ሥራ የለም!" ብሎ ካባውን እንደለበሰ ማሳው መሀል ካለ ድንጋይ ላይ ወጣና፣ እጁን እያወናጨፈ "እጨድ! እሰር! ከምር!" እያለ ሲጮህ አረፈደ። ሰዉም ከልጅነቱ የሚያውቀውን ሥራ እንደሚያውቀው ሠራ።

በደቦ ወግ ያላጨደ አይበላም። ምሳ ሲቀርብ ግን ከሁሉ ቀድሞ ማዕዱ ላይ የተሰየመው ምስለኔው ነው። አፉ ሙሉ እንደሆነ፣ "በይ፣ መንግሥት ዛሬ ምን እንደጠቀመሽ ለሕዝቡ ተናገሪ። ምንም ካልሽ አመፀኛ ነሽና ማሽላሽን እወርሰዋለሁ፤ ከዋሸሽም ትገረፊያለሽ" አላት።

ባልቴቷም እጅ ነሥታ፣ "ኧረ እውነቱን ነው የምናገረው ጌታዬ፣ በጣም ጠቅመውኛል" አለች። "እዚያ ላይ ቆመው እጅዎን ሲያወናጭፉ አንዲት ወፍ እንኳ ማሳዬን አልደፈረችም። እስከ ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራልኝ ጭድ ጠቅጥቄ፣ ቡትቶ አልብሼ የማቆመው ማስፈራሪያ ነበር። እሱም ቢሆን እንደ እርስዎ አድርጎ ይጠብቃል፤ ምሳ ብሎኝ ግን አያውቅም።"