«ተራሽ ነው» የሚባለው ድንጋይ

ከወይራምባ ወደ ገበያ በሚያወጣው መንገድ፣ ወንዙን እንደተሻገሩ፣ «ተራሽ ነው» የሚባል ሰፊ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከላዩ የገበጣ ጉድጓዶች በሁለት ረድፍ ተፈልፍለውበታል። እዚያ የተቀመጠ ሕፃን መንገደኛውን «ተራህ ነው» ካለው፣ ቄስም ይሁን ጭቃ ሹም፣ ሸክሙን አውርዶ አንዴ ሳይጫወት አያልፍም። የቸኮለ ሰው ያጉረመርማል፤ ቢሆንም ያወርዳል። ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ሽማግሌዎች እንዲህ ይላሉ።

በዚያ አገር ላቀው የሚባል ሲራራ ነጋዴ ነበር ይባላል። ጨው ጭኖ ሲወጣ ወራት ይቆይ ነበር፤ ቤቱ የሚሰነብተው ግን ለጥቂት ቀን ስለነበር፣ ያችኑ ጥቂት ቀን የሚያሳልፋት ከትንሽ ልጁ ከደብሪቱ ጋር ደጃፍ ላይ ገበጣ ሲጫወት ነው። መሬቱን በጣታቸው ይፈለፍላሉ፣ ጠጠሩን ከወንዝ ይለቅማሉ። ደብሪቱ መሸነፏን ስታውቅ አንድ ጠጠር ጉንጯ ውስጥ ትደብቃለች፤ አባቷም ጉንጯ አብጦ እያየ፣ ጠጠሩ የት ገባ እያለ መሬት መሬቱን ይፈልጋል።

አንድ ማለዳ በቅሎዎቹ ተጭነው፣ ጓደኞቹም ቆመው ሲጠብቁት፣ ተራው የእሷ ነበር። አገጯን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ የቱን ጉድጓድ እንደምታነሣ ታስባለች። ጓደኞቹ ደጋግመው ሲጠሩት ላቀው ተነሣ።

«አባዬ፣ ቆይ እንጂ፤ ተራዬ እኮ ነው» አለችው።

«ስመለስ እንጨርሰዋለን፤ እንዳትነኪው» ብሏት ሄደ።

እንደሚነገረው መንገዱ በሽፍታ ተዘጋ፣ ከዚያ ላቀውን በሽታ ጣለው፣ ሲያገግም ደግሞ በቅሎም ስንቅም አልነበረውም። ስንት ክረምት እንዳለፈ ተራኪዎቹ አይስማሙም። በሰው አገር ጋደም ባለ ቁጥር ልጁ አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስታስብ ትታየው ነበር፤ በሐሳቡ ግን አንድ ቀን እንኳ አድጋ አታውቅም።

ሲመለስ ያገኛት ሻሽ ያሰረች ኮረዳ ናት። ጉልበቱን ስማ «እንኳን ደህና ገቡ» አለችው። ደርባባነቷን አይቶ ደስ ሊለው ሲገባ ሆዱ ባባ። ሚስቱ እንደነገረችው፣ ደብሪቱ ዝናቡ ጉድጓዶቹን እስኪደፍናቸው ድረስ ያን ጨዋታ በቅል ከድና ስትጠብቅ ነበር። ላቀው በማግሥቱ ደጃፉን ፈልፍሎ ጠራት።

«ውኃ ልቅዳና ስመለስ፣ አባባ» አለችው።

ክፋት አልነበራትም፤ ስትመለስ ሌላ ሥራ ጠበቃት። ብዙም ሳይቆይ ከወንዙ ማዶ ተዳረች።

ያን ጊዜ ላቀው መሮና መዶሻ ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ ይባላል። ደብሪቱ ለዓመት በዓል ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትመጣ የምታልፈው በዚያ ድንጋይ አጠገብ ነውና፣ ገበጣውን ዝናብ በማይደፍነው ነገር ላይ ፈለፈለው። ጎረቤት «ሰውዬው ጃጀ» አለ። እሱ ግን በዓል በደረሰ ቁጥር እዚያ ይቀመጣል፤ እሷም ሙዳይዋን እንደተሸከመች ጉልበቱን ትስምና «ስመለስ» ብላው ታልፋለች።

አንድ ፋሲካ ታዲያ ትንሽ ልጇን አስከትላ መጣች። ሕፃኗ ማንም ሳይጠራት ከአያቷ ፊት ቁጭ አለች፤ አገጯንም ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ማሰብ ጀመረች።

«ነይ እንሂድ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ» አለች ደብሪቱ።

«ተያት፤ ተራዋ ነው» አላት ላቀው ቀስ ብሎ።

ደብሪቱ ሙዳይዋን አውርዳ ከልጇ ጎን ተቀመጠችና ጠጠሮቹን ብዙ አየቻቸው።

«ያኔ ተራው የኔ ነበር፣ አባዬ» አለች። «በቅል ከድኜ ጠብቄህ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ተራሽ ነው።»

ሲጫወቱ አንድ ጠጠር ጠፋ። ላቀው ቀና ሲል ያበጠው የሕፃኗ ጉንጭ አልነበረም፤ የእናቷ ነበር። ሽማግሌው እንባው እየወረደ፣ ጠጠሩ የት ገባ እያለ መሬት መሬቱን ይፈልግ ጀመር።

ዛሬም ከድንጋዩ ጎን ሸክም የሚወርድበት ቦታ ሣር አያበቅልም። ልጆቻቸው አድገው ከተማ የገቡባቸው እናቶችና አባቶች ከገበያ ሲመለሱ እዚያ አረፍ ይላሉ፤ በራሳቸው በኩል ያለውን ጠጠር አንሥተው በየጉድጓዱ ያድሉና እጃቸውን ይሰበስባሉ። በወዲያ በኩል ያለውን የሚነካ የለም፤ ተራው የልጁ ነው።