የተገደለ ሰው ድሪቶ

በአንድ ወቅት፣ ከገብስ በቀር ብዙ በማያበቅል፣ ብርዱም ከበሽታው ቀድሞ ሰው በሚገድልበት አንድ ደጋ አገር፣ ወረታ የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ ትልቁ ጓንጉል፣ ተከታይዋ አንጓች፣ ትንሹ ዘመነ። ከምንጭ ዳር አንዲት ማሳ ነበረችው፤ ጠላት ያፈራችለትም እሷው ናት። ጎረቤቱ ቢተው ድንበሩን ገፋ፤ ወረታ መለሰ፤ ቢተው ደግሞ ገፋ። በመጋቢት አንድ ቀን ወረታ ጎንበስ ብሎ የድንበሩን ድንጋይ ሲተክል ቢተው ከኋላው መጥቶ በጦር ወጋውና ወደ ቆላ ሸሸ።

በዚያ አገር ሰው የተገደለበት ማሳ ለወራሾች አይቆራረጥም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለሟቹ የልጅነቱን ላደረገ አንድ ልጅ ይሰጡታል። ለሌሎቹ ስንዝር አይደርሳቸውም። ነገሩ ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነውና ልብ በሉልኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ እማሆይ ጽጌ የሚባሉ መነኩሴ ዘመድ የሌላቸውን ሕሙማን የሚያስታምሙበት ቤት አለ። አልጋው ጭድ ነው። የመንደሩ ሴቶች ሰኞ ሰኞ እየተሰበሰቡ የሟቾችን ልብስ ይቀድዱና ሦስት አራት አድርገው እየደረቡ ለሕሙማኑ ድሪቶ ይሰፋሉ። ክሩ ከዚያው ከአሮጌው ልብስ ይተረተራል። ቋጠሮው ቁስል እንዳይነካ ወደ ውስጥ ይደበቃል። በዚያ ቤት ድሪቶ ሥር የተኛን ሰው፣ ምንም ያድርግ ምን፣ ራሱ ጥሎት እስኪወጣ ድረስ ማንም አይነካውም። የተገደለ ሰው ልብስ ግን ለስፌት አይሰጥም። ደሙ እስኪመለስ ወይም ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ እንደቆሸሸ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይቆያል። የወረታም ጋቢና ኮት ተሰቀሉ።

ጓንጉል ምን አደረገ? የአባቱን ጠመንጃ አንስቶ፣ አምስት ልጆቹን ለሚስቱ ትቶ፣ ቢተውን ፍለጋ ቆላ ወረደ። አራት ወር ሙሉ ዋሻ ለዋሻ ሲያስስ የራሱ እርሻ ጦም አደረ። ቢተውን ያስጠለለ አንድ ዘመዱን አስሮ ገረፈ፤ የሌላውን ጎጆ አቃጠለ። ጨካኝ ነው ብትሉ አልከራከራችሁም። በሐምሌ ቢተውን፣ የሚያስጠልለው አጥቶ ወደ ደጋ ሲመለስ፣ የመንደሩን ወንዝ ሲሻገር አገኘውና ጭኑን በጥይት ሰበረው፤ ሊጨርሰው ሲወርድ ጎርፉ ሰውየውን ይዞት ሄደ።

አንጓችስ ምን አደረገች? ድሪቶ ከሚሰፉት ሴቶች አንዷ ናት፤ እማሆይንም በማስታመሙ ታግዛለች። በዚያው ሐምሌ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰባት ሕሙማን በብርድ አለቁ። አንዷ የሞተችው የአንጓችን እጅ እንደያዘች ነው። ድሪቶ አልቋል፤ የሚቀደድ ልብስም ከየትም አልመጣ አለ። አንጓች ቤቷ ገብታ የአባቷን ልብስ ከምሰሶው አወረደች። ደሙን አጠበች፣ ቀደደች፣ በሁለት ቀን ሰፍታ ለእማሆይ ሰጠች። ወንድሞቿን አላማከረችም። የጦሩን ቀዳዳ ልትደፍነው ስትል ግን እጇ እምቢ አላት፤ ዙሪያውን ዘምዝማ ተወችው። ጥፋት አለባት የሚሉ ሰዎች ጥፋቷን የሚቆጥሩት ከዚህ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ ከጎርፉ የተረፈው ቢተው እየተሳበ መጥቶ ከሕሙማኑ ቤት ደጃፍ ወደቀ። እማሆይ ማን ነህ ሳይሉ አስገብተው በእጃቸው የገባውን ድሪቶ አለበሱት። የወረታ ነበር።

ጓንጉል የደሙን ዱካ ተከትሎ ደረሰ። ዘመነም ወሬው ደርሶት ሁለት ጦር ይዞ ከኋላው ሮጠ። አንጓች እዚያው ጭድ እየለወጠች ነበር። ጓንጉል ልማዱን ስለሚያውቅ ከበሩ ላይ ቆመ፤ ደጅ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ ብሎ ዞርም ብሎ ነበር ይላሉ። ከዚያ ግን ያቺን የተዘመዘመች ቀዳዳ አየ። ጋቢውን ለየው።

«አባቴን ገድሎ አባቴን ለብሷል» አለ።

ከወገቡ ጎራዴውን መዘዘ። እማሆይ ቢለምኑት፣ ይህ የቤቱ ድሪቶ አይደለም፣ ደሙ ያልተመለሰ የአባቴ ልብስ ነው፣ ስለዚህ ልማዱ አያስጥለውም አላቸው። ገፍትሯቸው ገባና ድሪቶውን በግራ እጁ ጎትቶ በቀኙ ሰነዘረ።

አንጓች ቢተው ላይ ተደፋች። ጎራዴው ሲወርድ እጇን ዘረጋች፤ ቀኝ እጇ ተቆርጦ ጭዱ ላይ ወደቀ። የምትሰፋበት እጅ ነው። ጓንጉል ደሙ ዓይኑን ጋርዶት ሁለተኛ ሊሰነዝር አነሳ፤ እሷ ግን ከሰውየው ላይ አልተነሳችም።

«ለእሱ ብዬ እንዳይመስልህ» አለችው። «ዛሬ ከዚህ ቤት አንድ ሰው ተጎትቶ ከወጣ፣ ነገ ማንም በሽተኛ እዚህ አይተኛም።»

የዘመነ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ይህ ልጅ እስከዚያች ቀን ለአባቱ ደም ያደረገው ነገር የለም። ያቺን የምንጭ ዳር ማሳ እያረሰ፣ የወንድሙን ልጆች ጭምር እያበላ ቤት ሲጠብቅ ነበር፤ መንደሩም ፈሪ ይለዋል። አሁን ግን ወንድሙን ወገቡን ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመውና ጎራዴውን ነጠቀው። የእህቱን ክንድ በመቀነቷ አሰረ። ከዚያ ወደ ቢተው ዞረ።

«ቢተው፣ በዚህች ልጅ እጅ ሞቀህ መተኛት ከቻልክ ተኛ። ካልቻልክ ራስህ ጣለውና ውጣ። ጦር እሰጥሃለሁ።»

አንጓች «አትውጣ» አለችው። «ከወጣህ እጄ በከንቱ ሄደ።»

ቢተው «ከለበስኩት ጀምሮ አልሞቀኝም» አለና ድሪቶውን ገፎ በክርኑ እየተሳበ ወጣ። ዘመነ ቃሉን ጠብቆ ጦር ሰጠው። ቢተው ግን የቆመው ጦሩን ተደግፎ ነው፤ ካነሳው ይወድቃል። ዘመነ፣ ሰውየው እንደተደገፈ፣ በሌላው ጦር ደረቱን ወጋው። የወረታ ደም ተመለሰ።

ሽማግሌዎቹ ማሳዋን ለመስጠት ተቀመጡ። ጓንጉል፣ እኔ ባልሰብረው ኖሮ እስከ ዛሬ ቆላ ተቀምጦ ይስቅብን ነበር፣ የልጆቼን እንጀራ ለአባቴ ከስክሻለሁ አለ። ሽማግሌዎቹ ልማድ ማፍረሱንና የእህቱን እጅ አነሱበት። አንጓች፣ አባቴ ምሰሶ ላይ ደርቆ ከሚቀር የሚንቀጠቀጥ ሰው ቢያለብስ ይሻለዋል፣ ማሳውን ብትሰጡኝም ገብሱን በልቼ ጭዱን ለሕሙማኑ አነጥፋለሁ አለች። እነሱም ልማዱን ቀድመሽ የነካሽው አንቺ ነሽ፣ ቀዳዳዋን ባያይ ወንድምሽ ደጅ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር አሏት። ዘመነ፣ ከድሪቶው ሥር ማንንም አልጎተትኩም፣ ባዶ እጁንም አልገደልኩትም፣ ደሙን የመለስኩ እኔ ነኝ አለ። አንዱ ሽማግሌ፣ መቆም የማይችል ሰው ወግተህ፣ የእህትህንም እጅ ከንቱ አድርገህ ነው አሉት።

ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ሦስት ጊዜ ሳይስማሙ ተነሱ። በሦስተኛው እርስ በርሳቸው በከዘራ ተማቱ፤ ለገላጋይነት የተጠሩት ተገላጋይ ሆኑ። ማሳዋ ዓመቱን ሙሉ ዳዋ ለበሰች። ጓንጉል አዲስ ጎራዴ አሠርቷል ይባላል። ዘመነ ጦሩን ከደጃፉ አላነሳም። አንጓች በግራ እጇ እየሰፋች፣ ጨርቁን በጥርሷ ይዛ፣ ሁለቱንም አታናግርም። ወረታንና ቢተውን የገደለች ማሳ አሁን ደግሞ ወንድማማቾቹን ልታጋድል ነው።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ስላልቻሉት ነገሩ ወደ እናንተ መጥቷል። ለጓንጉል፣ ለአንጓች ወይስ ለዘመነ፤ የወረታ ማሳ ለማን ይገባል?