ያልተነፋው የፈረቃ ጡሩምባ

በአንድ ወቅት፣ ወንዝ ዳር በተቆረቆረች ከተማ ውስጥ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበረ። ስሙኝማ፤ መጨረሻ ላይ ፈራጆቹ እናንተው ናችሁ።

የፋብሪካው ሕግ አንድ ነበር፤ ጡሩምባው ሳይነፋ ከማሽኑ ንቅንቅ የሚል የለም። ሠራተኛው ሲነፋ ይገባል፣ ሲነፋ ይወጣል። ፋብሪካው በተዘጋ ቀን ግን ኃላፊዎቹ ወረቀት አንብበው እብስ አሉ፤ ጡሩምባውን የነፋ አልነበረም። የሽመና ክፍል ሴቶች ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ከማሽናቸው ሥር ሳይነቃነቁ ጠበቁ። እትዬ አልጣሽ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ማሽን የሸመኑት፣ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ እያለቀሱ ወጡ። ከዚያ ወዲህ «ጡረታ ወጡ እንዴ?» ላላቸው ሁሉ «ፈረቃዬ መች አለቀና!» ይላሉ። ሰው ይስቃል። እሳቸው ግን የምራቸውን ነው፤ ያ ጡሩምባ ሳይሰማ መቅረቱ ሆዳቸው ውስጥ ቁጭ ብሏል።

እንግዲህ የበሩን ዘበኛ፣ ጋሽ ውድነህን እወቋቸው። ሁሉም ሲሄድ እሳቸው ቀሩ። ብረት የሚለቅሙ ሌቦች መኪና እያቆሙ በሩንም ቧንቧውንም ጫኑ፤ አንድ ዘበኛ ስንቱን ይከለክላል? የሌቦቹ ዓይን ጡሩምባው ላይ ሲያርፍ ግን ጋሽ ውድነህ ጣራ ላይ ወጡ፣ ፈቱት፣ ጓሯቸው ውስጥ ቀበሩት፣ በላዩም ጎመን ተከሉበት። ሌቦቹ ዱላ ይዘው መጥተው «ጡሩምባው የታለ?» አሏቸው። «ሁሉንም ግጣችሁ ጨርሳችሁ እኔን ትጠይቁኛላችሁ?» አሉ። ሁለት ጥርሳቸውን አወለቁባቸው፤ አልተናገሩም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጎረቤት ከዚያ ጎመን ሲበላ ከሥሩ ምን እንዳለ ያወቀ የለም። ሚስታቸው እንኳ!

በአሥራ አንደኛው ዓመት ቦታው አዲስ ሰፈር ይሁን ተባለ። ፕላኑ ኢንጂነር ማኅደር ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ማኅደር የዚያው ከተማ ልጅ ናት፤ እናቷ ከእትዬ አልጣሽ ጎን የሚሸምኑ ነበሩ። ወረቀቱ «ሁሉም ይፍረስ፣ መሬቱ ይደልደል» ይላል።

«ፈርሚ» አላት አለቃዋ።

«አልፈርምም።»

«እንግዲያው ሥራሽን ልቀቂ።»

ለቀቀች! የራሷን ፕላን በብብቷ ይዛ በየስብሰባው መግባት ጀመረች። «ይህ ግንብ ገና ጎልማሳ ነው፤ ለምን በቁሙ ትቀብሩታላችሁ?» ስትል መጀመሪያ ሳቁባት፣ ቀጥሎ አዳመጧት፣ በመጨረሻ ሥራውን ራሱን ሰጧት። የሽመና ክፍሉ ገበያ፣ የፈትል ክፍሉ ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ሆነ። የበሰበሰው የጥጥ መጋዘን ብቻ ፈርሶ በቦታው ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ቤቶች ይቆማሉ። የአዲሱ ሰፈር ስምም «ፈትል ሰፈር» ተባለ።

መጋዘኑ በሚፈርስበት ቀን እትዬ አልጣሽና ስድስት የድሮ ጓደኞቻቸው ለጡብ ለቀማ ተቀጥረው ነበር። ስድስቱ ግድግዳው ሥር አጎንብሰው ይለቅማሉ፣ ዶዘሩ ያጓራል። እትዬ አልጣሽ ከማዶ ሆነው ግድግዳው ዘመም ሲል አዩ። ይጩኹ? በዶዘር ጩኸት ውስጥ ማን ሊሰማ! ሽመና ክፍል የሠራ ሰው ግን ያውቃል፤ በዚያ ሁሉ የማሽን ድምፅ መካከል ሰው የሚያወራው በእጁ ነው። ሐሜቱም፣ ስድቡም፣ ፍቅሩም በእጅ። አልጣሽ መሸሽ ሲችሉ ወደ ግድግዳው ሮጡ፤ ከሴቶቹ ፊት ቆመው ሁለት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣመሩ። «ክር ተበጥሷል፣ ማሽን ይቁም፣ ራቁ!» ማለት ነው። ለማሰብ ጊዜ አልነበረም፤ የስድስቱም እግር ከራሳቸው ቀድሞ ዘለለ። የዶዘሩም ሾፌር ሲሮጡ አይቶ ወርዶ ተከተላቸው። ግድግዳው ዘጭ አለ። አቧራው ሲጠራ አንድም ሰው አልጎደለም፤ እዚያው ተቃቅፈው እልል አሉ።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ወይ ጉድ! ያ የቁራ መስፈሪያ የነበረ ግቢ ዛፍ ተተክሎበት፣ ፏፏቴ እየተረጨበት፣ ሕፃናት ብስክሌት እየነዱበት፣ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጋሽ ውድነህ ጎመናቸውን ነቅለው ጡሩምባውን አወጡ፤ ተወልውሎ፣ አዲስ ቧንቧ ተቀጥሎለት ጣራው ላይ ተመለሰ። የድሮው የቦይለር ሠራተኛ ጋሽ ኑርዬ ጡሩምባውን የሚያስነፋውን እንፋሎት ለማፍላት እሳቱን አቀጣጠሉና «ቦይለሩ አርጅቷል። አንድ ጊዜ ብቻ ያስነፋችኋል፤ ከዚያ በኋላ እሳት አይነካውም» አሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ! ታዲያ የጡሩምባውን ገመድ በእጀታው ይዞ ማን ይሳብ? «ጋሽ ውድነህ፣ ማኅደርና እትዬ አልጣሽ ሦስቱም አብረው ይሳቡት» ያለ ነበር። አሮጌዎቹ ሠራተኞች አፉን አስያዙት፤ በፋብሪካው አንድ እጀታ የአንድ እጅ ነው፤ ይህን የተላለፈ ጣቱን አጥቷል።

«ጥርሴን ከፍዬበታለሁ፤ ድምፁን እኔው ላውጣው» አሉ ጋሽ ውድነህ።

ማኅደር ዓይኗ እንባ ሞላ። «እናቴ ያን ቀን ከጠበቁት አንዷ ነበረች። ሳትሰማው ሞተች። ፈረቃዋን እኔ ልዝጋላት።»

እትዬ አልጣሽ ልጅቷን አዩ፤ ቁርጥ እናቷን! ልተውላት ይሆን? አሉ በልባቸው። ግን ያን ሽርጥ ዛሬም ታጥቀውታል። «እኔ በሕይወት አለሁ፣ የኔ ልጅ» አሉ፤ «ፈረቃዬም አላለቀም። በገዛ እጄ ዘግቼው ቤቴ ልግባ።»

ሕዝቡ ለሦስት ተከፈለ። «ውድነህ ባይኖሩ ምኑ ይነፋ ነበር?» አለ አንዱ። «ማኅደር ባትኖር የት ይነፋ ነበር?» አለ ሌላው። «አልጣሽ ባይኖሩ ዛሬ ሠርግ ነው ወይስ ተዝካር?» አለች ከስድስቱ አንዷ።

«እንፋሎቱ ሞልቷል!» ብለው ጮኹ ጋሽ ኑርዬ። «ወይ ሳቡ፣ ወይ ልልቀቀው!»

ሦስቱም አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ሦስት እጅ ተዘረጋ።

ጡሩምባውም ተነፋ! ወንዙን ተሻግሮ፣ ገበያውን አቋርጦ፣ ከተማውን ሞላው። ሽማግሌዎቹ እያለቀሱ ሳቁ። ጋሽ ውድነህ በጎደለው ጥርሳቸው ፈገግ አሉ፣ ማኅደር ሰማይ ሰማይ አየች፣ እትዬ አልጣሽ ሽርጣቸውን ፈትተው አጣጠፉና «በሉ፣ ወደ ቤት» አሉ።

እጀታው ላይ የነበረው የማን እጅ ነው? እኔ አውቃለሁ፤ ግን ቢገድሉኝ አልናገርም። ይልቅ እናንተ ፍረዱ፤ በዚያ ቀን ገመዱ በእጃችሁ ቢሆን፣ ለየትኛቸው ትሰጡት ነበር?