ተራ ያዡ ድንጋይና ባለ ኮምፒውተሩ ሞተር

ኑ ቅረቡ፣ ተረት ልነግራችሁ ነው። ሞተራችሁን ግን አጥፉልኝ፣ እኔን ማን ሊሰማ ነው!

በድሮ ጊዜ፣ ያው ቤንዚን በሰልፍ በነበረበት ጊዜ፣ ወይዘሮ ብርነሽ የሚባሉ አዋላጅ ሁለት ሞተር ሳይክሎች ነበሯቸው፤ ባለቤንዚኑና ባለባትሪዋ። ጣሪያቸው ግን የሚያስጠልለው አንድ ብቻ ነው።

"በሦስት ምጥ ልያችሁ" አሏቸው። "ያደረሰኝ ከጣሪያው ሥር ያድራል፤ ያላደረሰኝ ይፈታታል።"

ባለቤንዚኑ ሳቀ። "እኔን ነው? ሞተሬ የዘመኑ ነው! ነዳጄን የሚመጥን ኮምፒውተር አለኝ፤ ጠብታ ቀምሼ አገር አቋርጣለሁ። አንቺ ድምፅ እንኳ የለሽ፣ መምጣትሽን ማን ያውቃል?"

"ልድረስ እንጂ" አለች ባለባትሪዋ።

የመጀመሪያው ምጥ መጣ። ባለቤንዚኑ እንደ አገሩ ልማድ ማደያው ሰልፍ ላይ ተራ የሚይዝለት ድንጋይ አስቀምጦ፣ እሱ ጥላ ሥር ቆሟል። ባለባትሪዋ ሄደች።

"ጠብታህ የታለች?" አለው ድንጋዩ።

"ዝም በል! አንተ ኮምፒውተር የለህ!"

"ተራ ግን አለኝ።"

ሁለተኛው ምጥ መጣ። ባለባትሪዋ ሄደች።

"ጠብታህ የታለች?"

"ዝም በል! ኮምፒውተሬ እያሰበ ነው!"

ከዚያ መብራት ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ! ባለባትሪዋ ደክማ ተኛች። ባለቤንዚኑ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ማለዳ ተራው ደርሶ አንድ ጆግ ቤንዚን ቀመሰ። ወይ ደስታ! ቤት መጥቶ ፊቷ ተገተረና "ሞተር ማለት እንዲህ ነው! ቩም! ቩም! ቩም!" አለባት። ከጠዋት እስከ ቀትር ቆሞ አገሳ፤ ጎረቤት ሁሉ ጆሮውን ያዘ።

ቀትር ላይ አንድ ባል እየሮጠ ደረሰ። "ኧረ ድረሱልኝ እትዬ ብርነሽ፣ ሚስቴን ምጥ ያዛት!"

ወይዘሮ ብርነሽ ዘለው ባለቤንዚኑ ላይ ወጡ። ቩ... አለና ጸጥ። ኮምፒውተሩ ብቻ "ነዳጅ አልቋል" ብሎ ጻፈ።

በእግራቸው ሮጡ። ልጁ ቀደማቸው፤ ደግነቱ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። እሳቸው ግን በንዴት ጨሰው ተመለሱና መካኒኩን ጋሻነህን ጠሩ። "ይህን ጯሂ ፈታልኝ! ሞተሩን ብቻ አስቀርና መብራት የሚሰጥ ዲናሞ ግጠምለት።"

ይኸውላችሁ፣ ያ የዘመኑ ሞተር ከነኮምፒውተሩ ብረት ላይ ታስሮ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እያገሳ ባለባትሪዋን ቻርጅ ያደርጋል። ድንጋዩ ዛሬም ሰልፍ ይይዝለታል። እሷ ሄዳ ትመለሳለች፤ እሱ እዚያው ነው።

ስለዚህ የሚያገሳ ስትሰሙ አትደንግጡ፤ መጀመሪያ ከቦታው መነቃነቁን እዩ።

ተረቴ አለቀ። በሉ ሞተራችሁን አስነሱ፤ ቤንዚን ካላችሁ።